የትኛውን እንክፈት? ስለ አመኔታ፣ ስለ ውርስና ያለ ጥፋት ስለ መጠርጠር የሚተርኩ ስድስት ድምፅ አልባ ፊልሞች ሲነጻጸሩ

ድምፅ አልባ ፊልም ልይ ብሎ ኢንተርኔት የከፈተ ሰው ብዙ ጊዜ ገና ሳይጀምር ይደክማል። የአንድ ፊልም አምስት ስድስት ቅጂ ይደረደርለታል፤ አንዱ 60 ደቂቃ፣ ሌላው 80፤ አንዱ ሙዚቃ ያለው፣ ሌላው ጭጭ ያለ። የትኛው ፊልም ለምን ዓይነት ምሽት እንደሚሆን የሚነግረው ደግሞ የለም፤ ሁሉም ስር «ታላቅ ሥራ» ተብሎ ተጽፏል።

ስለዚህ አንድ ዘርፍ ብቻ ይዤ ልሂድ። አመኔታ ሲጎድል፣ ኑዛዜና ውርስ ዘመድን ከዘመድ ሲያጋጭ፣ ጥፋት የሌለበት ሰው ሲጠረጠር የሚተርኩ ሜሎድራማዎችን ነው የማነጻጽረው። ከ1915 እስከ 1927 የወጡ ስድስት መርጫለሁ፤ አምስቱ የአሜሪካ፣ አንዱ የእንግሊዝ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ስድስቱም ዛሬ ሙሉ ወይም ሙሉ ሊባል በሚችል ሁኔታ ይገኛሉ፤ ከዚያ ዘመን ፊልሞች አብዛኞቹ ጠፍተው ስለቀሩ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በምን እንመዝናቸው?

ለእኔ ዋነኛው መመዘኛ እውነቱን ማን ቀድሞ ያውቃል የሚለው ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ በጥርጣሬ ታሪክ ውስጥ ግን ለማን ቀድሞ እንደሚጠራ ፊልሙን ከሥሩ ይለውጠዋል። ለተመልካቹ ቀድሞ ከጠራ፣ ሴትዮዋ ንጹሕ መሆኗን እያወቅን ሰው ሁሉ ሲፈርድባት «ኧረ ተዉ!» ማለት እያማረን እንቀመጣለን። ለእኛም ከጨለመ ደግሞ ከጠርጣሪዎቹ ጋር እንሰለፋለን፤ በኋላ የምንታዘበው የራሳችንን ፍርድ ነው። አንዱን ስሜት ፈልጎ ሌላውን የከፈተ ሰው ነው ብዙ ጊዜ «ይሰለቻል» ብሎ የሚዘጋው።

ሁለተኛው የንባቡ ብዛት ነው። በትዕይንቶች መካከል የሚገቡት ጽሑፎች እንግሊዝኛ ናቸው። ከእናት ከአባት ጋር ለሚያይ ሰው ይህ ወሳኝ ነገር ነው። ጽሑፉ ላይ አቁሞ በአማርኛ ማስረዳት ይቻላል፤ ተዋናዩ እየተናገረ ከሚያልፍበት ፊልም ይልቅ ይህ ይመቻል። ግን በየደቂቃው ማቆም አስተርጓሚውንም ተመልካቹንም ያደክማል።

ሦስተኛው፣ ፊልሙ የዘመኑን የዘር ንቀት ምን ያህል ተሸክሟል የሚለው ነው። ይህን ሳያውቁ ገብቶ መሃል ላይ መደንገጥ ጥሩ አይደለም። ከዚህ ሌላ ርዝመቱና የቅጂው ጥራት አሉ፤ ቅጂውን በተመለከተ ወደ መጨረሻው ለብቻው እመለስበታለሁ።

ዌይ ዳውን ኢስት (1920)፦ እውነቱን እኛ ብቻ ስናውቅ

የዲ. ደብሊው. ግሪፊዝ ፊልም ነው። አና ሙር የምትባል ድሃ የገጠር ልጅ ቦስተን ወዳሉ ሀብታም ዘመዶቿ ትላካለች። እዚያ ሌኖክስ ሳንደርሰን የተባለ ባለጸጋ በሐሰት ጋብቻ አታሎ ይወስዳታል፤ ስታረግዝ ጋብቻው የውሸት እንደነበር ነግሮ ይተዋታል። ሕፃኑ ይሞትባታል። ከዚያ በአንድ ገበሬ ቤት ሥራ ታገኛለች፤ ያ አታላይ ደግሞ የዚያው ሰፈር የተከበረ ጎረቤት ሆኖ ይገኛል።

ሊሊያን ጊሽ አናን ሆና የምትሠራው ሥራ ለዚህ ፊልም ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ መስጠትን ያስችላል። በተለይ የእራት ገበታውን ልብ ብላችሁ እዩት። የቤቱ ጌታ ስለ አና ወሬ ሰምቶ በሩን ያሳያታል። እሷ ካፖርቷን ለብሳ ልትወጣ ስትል ትመለስና፣ ስለ እኔ ይህን ያህል ካጣራችሁ ቀሪውን ለምን አታጣሩም ብላ በክብር እንግድነት የተቀመጠውን ሳንደርሰንን ትጠቁማለች። ከዚያ ወደ በረዶው ማዕበል ትወጣለች። ቀጥሎ የሚመጣው የወንዙ በረዶ ትዕይንት የተቀረጸው በከፊል ቨርሞንት ውስጥ በሚገኘው ዋይት ሪቨር ጀንክሽን፣ በእውነተኛ በረዶ ላይ ነው። ጊሽ እጇንና ፀጉሯን ውሃው ውስጥ ለቃ ተኝታለች።

ድካሙ ያለው መሃሉ ላይ ነው። የመንደሩ አስቂኝ ገጸ ባሕርያት እየደጋገሙ ይገባሉ፤ ዛሬ አያስቁም፤ ታሪኩንም ይጎትቱታል። ሁለት ማታ ከፍሎ ማየት ይቻላል። ጽሑፉም ብዙ ነው፤ አንዳንዱ ስብከት ይቃጣዋል።

ዘ ቺት (1915)፦ በአንድ ሰዓት የሚያልቀው

የሲሲል ቢ. ደሚል ነው። ገንዘብ የምትወድ አንዲት የሀብታም ሰፈር ሴት በአደራ የተቀመጠላትን 10,000 ዶላር የቀይ መስቀል ገንዘብ አክሲዮን ላይ ታውለውና ትከስራለች። ገንዘቡን ከአንድ ጃፓናዊ የዝሆን ጥርስ ነጋዴ ትበደራለች፤ ልትመልስ ስትሄድ ሰውየው አልቀበልም ይላል። ቀጥሎ ተኩስ አለ፤ ባሏ ጥፋቱን በራሱ ላይ ወስዶ ፍርድ ቤት ይቆማል። ጥፋተኛ ያልሆነ ሰው በፈቃዱ ሲወነጀል የሚታይበት ከስድስቱ ብቸኛው ነው።

የብርሃንና የጥላ አጠቃቀሙ ለ1915 አስደናቂ ነው፤ ነጋዴውን የሚጫወተው ጃፓናዊው ሴሱ ሃያካዋም ፊቱን ሳያንቀሳቅስ ከሁሉም በላይ ያስፈራል። በዚህ ሚና ታላቅ ኮከብ ሆኗል። ነገር ግን ፊልሙ በግልጽ ዘረኛ ነው። ክፋቱን ከሰውየው ዘር ጋር ያያይዘዋል፤ የፍርድ ቤቱ መጨረሻም መንጋ ሲነሣበት ትክክል እንደሆነ አድርጎ ያሳያል። በአሜሪካ የነበሩ ጃፓኖች ስለተቃወሙ በ1918 እንደገና ሲወጣ ገጸ ባሕርዩ በርማዊ ተብሎ ተለወጠ፤ ንቀቱ ግን ዜግነት ቀየረ እንጂ አልቀረም። የሲኒማ ታሪክ ለሚያጠና ሰው እመክራለሁ፤ ለቤተሰብ ምሽት አልመክርም።

ሌዲ ዊንደርሚርስ ፋን (1925)፦ ቃል ሳይወጣ የሚያድግ ጥርጣሬ

በኦስካር ዋይልድ ተውኔት ላይ የተመሠረተ ነው። ተውኔቱ የሚታወቀው በሰላ ንግግሮቹ ሆኖ ሳለ ዳይሬክተሩ ኧርነስት ሉቢች እነዚያን ንግግሮች ጽሑፍ አድርጎ መለጠፍን ትቶ ታሪኩን በዓይን፣ በእጅና በበር ነገረው። ድፍረቱ ያስገርማል፤ ውጤቱም ከስድስቱ በጣም የምወደው ፊልም ሆነ።

ሌዲ ዊንደርሚር እናቷ ሞታለች ብላ ያደገች ወጣት ባለትዳር ናት። እናትየው ግን በሕይወት አለች፤ ስሟ የጎደፈ፣ ሚሲስ ኧርሊን የምትባል ሴት ናት። ባልየው ሚስቱ እንዳታፍር ብሎ ለዚህች ሴት በምስጢር ገንዘብ ይከፍላል። ሚስት የቼክ ደብተሩን ታገኛለች። ማንም ሰው እንደሚያስበው ታስባለች።

እኛ ይህን ሁሉ ከመጀመሪያው እናውቃለን። ስለዚህ በእያንዳንዱ ትዕይንት የምንመለከተው ጥርጣሬው እንዴት እንደሚሠራ ነው። በፈረስ እሽቅድድሙ ሜዳ ፈረሱን ትቶ ሰዉ ሁሉ መነጽሩን ሚሲስ ኧርሊን ላይ ያነጣጥራል፤ ወሬኛ ሴቶች ሽበቷን ሳይቀር ይፈልጋሉ። በአትክልቱ ስፍራ ደግሞ ሌዲ ዊንደርሚር ከቁጥቋጦው አጥር ወዲያ የዚያችን ሴት እጅ የሚስም ወንድ እንዳለ ታያለች። ማን እንደሆነ አይታያትም፤ ባሌ ነው ብላ ትደመድማለች። እኛ ማን እንደሆነ እናውቃለን። አይረን ሪች እናትየዋን ሆና ለምትንቃት ልጇ የምትከፍለውን ዋጋ የምታሳየው በዝምታ ነው፤ ልጅ ትቶ ርቆ የኖረ ሰው ይህን ፊልም በሌላ ዓይን ያየዋል።

ንባቡ ጥቂት ነው፤ የእንግሊዝ ባላባቶችን ማዕረግ አንድ ጊዜ ካስረዳችሁ እናትም አባትም ይከተሉታል። ጠብ፣ ማዕበል፣ ሩጫ የሚጠብቅ ሰው ግን ምንም አልሆነም ሊል ይችላል።

ዊዚን አወር ጌትስ (1920)፦ በሐሰት መወንጀል ሞት ሲሆን

ኦስካር ሚሾ የሠራው ይህ ፊልም በጥቁር አሜሪካዊ ዳይሬክተር ከተሠሩትና እስከ ዛሬ ከተረፉት ሙሉ ፊልሞች የመጀመሪያው ነው። በቺካጎ ለእይታ ሊቀርብ ሲል፣ ከ1919ኙ የከተማዋ የዘር ግጭት ወራት ብቻ አልፈው ስለነበር፣ ሰው ያነሣሣል ተብሎ ብዙ ክርክር ተነሥቶበት ነበር። ከዚያ ለአሥርት ዓመታት ጠፋ። በመጨረሻ አንድ ቅጂ ስፔን ውስጥ «ላ ኔግራ» በሚል ስም ተገኘ፤ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም በ1993 አድሶ አወጣው። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ በጣም ጥቂቱ ብቻ ስለተረፈ ቀሪው ከስፔንኛው ተመልሶ የተተረጎመ ነው፤ ጽሑፉ አልፎ አልፎ ደረቅ ቢመስላችሁ ምክንያቱ ይህ ነው።

ሲልቪያ ላንድሪ (ኤቭሊን ፕሪየር) አስተማሪ ናት። በፊልሙ መጀመሪያ ዘመዷ አልማ እጮኛዋን ለራሷ ተመኝታ ወጥመድ ታዘጋጅባታለች፤ እጮኛዋም ከሌላ ወንድ ጋር ሲያያት ምንም ሳይጠይቅ አንገቷን ያንቃል። ይህ አንዱ የሐሰት ጥርጣሬ ነው። ከዚያ ሲልቪያ በደቡብ ላሉ ድሃ ጥቁር ልጆች ትምህርት ቤት ገንዘብ ለማሰባሰብ ቦስተን ትሄዳለች። ለምን አንገቷን እንደምትደፋ፣ ለምን ወደ ኋላዋ ማየት እንደማትፈልግ አይነገረንም።

የሚነገረን ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ነው። አሳዳጊ አባቷ ጃስፐር ላንድሪ ጭሰኛ ነበር። ሲልቪያ ተምራ ስትመለስ የቤተሰቡን ሒሳብ በደብተር ትይዛለች፤ ያን ጊዜ ባለመሬቱ ግሪድልስቶን ዓመታት ሙሉ ሲያታልላቸው እንደኖረ ይገለጣል። ጃስፐር ደብተሩን ይዞ ሒሳቡን ሊያወራርድ ይሄዳል። ሁለቱ ሲነጋገሩ ባለመሬቱ የበደለው ሌላ ነጭ ድሃ በመስኮት ተኩሶ ግሪድልስቶንን ይገድለዋል። ኢፍሬም የሚባል የጌታው አሽከር ግን ያየው ጃስፐርን ነው፤ ሮጦም ከተማውን ያስነሣል። የጭሰኛና የባለመሬት ሒሳብ እንዴት እንደነበር ከአያቶቹ የሰማ ኢትዮጵያዊ ያቺ ደብተር ለምን እንደምታስፈራ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ሚሾ እዚህ ላይ የሚያደርገውን ልብ በሉ። ጋዜጣው ጃስፐርን ነፍሰ ገዳይ አድርጎ ያወራውን ውሸት በሥዕል ያሳየናል፤ እኛ ግን እውነተኛውን ቀደም ብለን አይተናል። ወሬ እንዴት «ማስረጃ» እንደሚሆን ከዚህ በአጭሩ የሚያስረዳ ሌላ ድምፅ አልባ ፊልም አላውቅም። ኢፍሬምም ወሬውን ያቀበላቸው ሰዎች ራሳቸው ይጨርሱታል።

የውርሱ ጉዳይ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። የባለመሬቱ ወንድም ሲልቪያን ሊደፍራት ሲታገል ደረቷ ላይ ያለ ጠባሳ ያያል፤ ከጥቁር ሴት በሕጋዊ ጋብቻ የወለዳት ልጁ እንደሆነች ያውቃል። የስም ወራሽ የሆነች ልጅ፣ ስሟን ከተሸከመው ቤት የተረፈላት ጠባሳ ብቻ ነው። ይህ ትዕይንት ጃስፐርና ሚስቱ በመንጋው ከሚሰቀሉበት ጋር እየተፈራረቀ ስለሚታይ ለማየት ከባድ ነው። ልጆች ባሉበት አትክፈቱት። ርዝመቱ 79 ደቂቃ ነው፤ ሰውና ቦታ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ የመጀመሪያዎቹን 20 ደቂቃዎች በጥንቃቄ ተከታተሉ።

ዘ ሎጀር (1927)፦ ከጠርጣሪዎቹ ጋር ስንሰለፍ

የወጣቱ አልፍሬድ ሂችኮክ ፊልም ነው። ለንደን ውስጥ ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ ወርቃማ ፀጉር ያላቸው ሴቶች ይገደላሉ። ጭጋግ በሸፈነው አንድ ምሽት ፊቱን በሻርፕ የሸፈነ ሰው የሚከራይ ክፍል ፈልጎ በር ያንኳኳል። የቤቱ ልጅ ዴይዚ ፀጉሯ ወርቃማ ነው፤ የሚወዳት ፖሊስ ደግሞ በተከራዩ ይቀናል። ተከራዩ ጥፋተኛ ይሁን አይሁን እዚህ አልናገርም።

ከላይ ተከራዩ ሲንጎራደድ ከታች ያሉት ቤተሰቦች ወደ ጣሪያው ያያሉ፤ ሂችኮክም ጣሪያውን በወፍራም መስታወት ሠርቶ እግሮቹ ሲመላለሱ ከሥር ያሳየናል። የማይሰማ ኮቴ በዓይን ይሰማል። እናትየዋ አልጋዋ ላይ ሆና ሲወጣ ስታዳምጥ፣ ከላይ ወደ ታች የምናየው የደረጃውን ድጋፍ ይዞ የሚወርድ አንድ እጅ ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ ለሚያደርገው ነገር ሁሉ ሁለት ትርጉም እየሰጣችሁ ታያላችሁ።

ንባቡ ትንሽ፣ ርዝመቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ድምፅ አልባ ፊልም አይቶ ለማያውቅ ጎረምሳ ከዚህ የተሻለ መግቢያ የለም።

ዘ ካት ኤንድ ዘ ካናሪ (1927)፦ የኑዛዜው ምሽት

ውርስ ዋና ጉዳይ የሆነበት ይህ ነው። አንድ ባለጸጋ ኑዛዜው ከሞተ 20 ዓመት በኋላ እኩለ ሌሊት ላይ እንዲነበብ አዝዟል። ዘመዶች በአሮጌው ቤት ይሰበሰባሉ፤ ሀብቱ ለአናቤል ዌስት ይሆናል፤ ግን አእምሮዋ ጤነኛ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ካልሆነ ለሌላ ያልፋል። ከዚህ በኋላ ያየችውን ሁሉ ብትናገር «አበደች» ይሏታል። ያለ ጥፋት ከመጠርጠር ሁሉ ይህ የከፋ ነው፤ ራስን ለመከላከል የሚነገረው ቃል ራሱ ማስረጃ ይሆናል።

ዳይሬክተሩ ፖል ሌኒ ከጀርመን የመጣ፣ በመድረክና በፊልም ትዕይንት ዲዛይን የታወቀ ሰው ነበር፤ መጋረጃዎቹ የሚንቀጠቀጡበት ረጅሙ ኮሪደር የእሱን እጅ ይናገራል። ፍርሃቱ ከሳቅ ጋር ስለተደባለቀ ከስድስቱ ቀላሉ ነው። ልብን የሚነካ ነገር ከፈለጋችሁ ግን እዚህ አታገኙትም።

በአንድ ዓይን ሲታዩ

| ፊልም | ርዝመት (በግምት) | እውነቱን ቀድሞ የሚያውቀው | ንባብ | መጠንቀቂያ |
|---|---|---|---|---|
| ዌይ ዳውን ኢስት | 2 ሰዓት ከ25 | ተመልካቹ | ብዙ | መሃሉ ይጎተታል |
| ዘ ቺት | 1 ሰዓት | ተመልካቹ | መካከለኛ | ግልጽ ዘረኝነት |
| ሌዲ ዊንደርሚርስ ፋን | 1 ሰዓት ተኩል | ተመልካቹ | ጥቂት | እርጋታ ይፈልጋል |
| ዊዚን አወር ጌትስ | 79 ደቂቃ | መጀመሪያ ማንም አያውቅም፣ በኋላ ተመልካቹ | ብዙ | ስቅላትና የመድፈር ሙከራ |
| ዘ ሎጀር | 1 ሰዓት ተኩል | ማንም አያውቅም | ጥቂት | ግድያ |
| ዘ ካት ኤንድ ዘ ካናሪ | ከ1 ሰዓት ከ20 በላይ | ማንም አያውቅም | መካከለኛ | ለትንንሽ ልጆች ያስፈራል |

የትኛውን ቅጂ?

ስድስቱም በአሜሪካ የቅጂ መብታቸው ስላለቀ በነፃ የተጫኑ ቅጂዎች ሞልተዋል። ነፃ ማለት ግን እኩል ማለት አይደለም። ቅጂ ስትመርጡ ሦስት ነገር እዩ።

አንደኛ ፍጥነቱ። በዘመኑ ካሜራው ብዙ ጊዜ በእጅ ይዞር ስለነበር ፊልሙ በዛሬው ፍጥነት ሲሮጥ ሰዎች እንደ አሻንጉሊት ይንጦለጦላሉ። የመጀመሪያውን ደቂቃ ተመልክታችሁ ሰው ሲራመድ ጤነኛ ካልመሰለ ሌላ ቅጂ ፈልጉ፤ የርዝመቱ ልዩነት ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

ሁለተኛ ቀለሙ። ብዙ ድምፅ አልባ ፊልሞች ለሌሊት ሰማያዊ፣ ለቤት ውስጥ ብርቱካንማ ቀለም ይቀቡ ነበር። ዘ ሎጀርን ቀለሙ በሌለበት ቅጂ ብታዩ ጭጋጋማው ሌሊት ቀን መስሎ ታሪኩ ይምታታል። የብሪታንያ ፊልም ኢንስቲትዩት በ2012 ያደሰው ቀለሙን መልሶለታል።

ሦስተኛ ሙዚቃው። ከፊልሙ ጋር የማይገናኝ ፒያኖ ተለጥፎበት ከሆነ ድምፁን ዘግታችሁ የራሳችሁን አጫውቱ።

በጀትን በተመለከተ፣ ዊዚን አወር ጌትስን ገንዘብ አታውጡበት፤ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ራሱ በነፃ አውጥቶታል። ገንዘብ ማውጣት የሚገባው በዘ ሎጀርና በዘ ካት ኤንድ ዘ ካናሪ ነው፤ ውበታቸው ጥላና ብርሃን ስለሆነ በደበዘዘ ቅጂ ግማሹ ይጠፋል። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት የሰፈራችሁን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ፤ የታደሱ ዲስኮችን ያውሳሉ። በስልክ ዳታ የምታዩ ደግሞ ከሌዲ ዊንደርሚርስ ፋን ጀምሩ፤ ዋናው ነገር ፊትና እጅ ስለሆነ በትንሽ ስክሪንም ብዙ አይጎዳም።

ለማን የትኛው?

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ዘ ሎጀር። ከጓደኞች ጋር ተሰብስቦ ለመሳቅና ለመደንገጥ ዘ ካት ኤንድ ዘ ካናሪ። ከወላጆች ጋር እየተረጎሙ ለማየት ሌዲ ዊንደርሚርስ ፋን፤ ዌይ ዳውን ኢስትንም እናቶች ይወዱታል፣ ግን ጽሑፉን የሚያሳጥር ጥሩ ተርጓሚ ያስፈልጋል። ስክሪፕት ለሚጽፍ ሰው ዘ ሎጀርንና ሌዲ ዊንደርሚርስ ፋንን አከታትሎ ማየት ይጠቅማል፤ አንዱ እውነቱን ደብቆ፣ ሌላው ቀድሞ ገልጦ እኩል ልብ ያንጠለጥላሉ።

ሁለት ምሽት ያለው ሰው ደግሞ በ1920 የወጡትን ሁለቱን ያጣምር። ዌይ ዳውን ኢስትንም ዊዚን አወር ጌትስንም የሚያንቀሳቅሰው ስለ አንዲት ሴት የተነዛ ወሬና የተደበቀ ያለፈ ታሪክ ነው። ግሪፊዝ ከዚያ አምስት ዓመት በፊት «ዘ በርዝ ኦቭ ኤ ኔሽን» በተባለው ፊልሙ ጥቁር ወንዶችን ደፋሪ፣ የሰቀሏቸውን ነጮች አዳኝ አድርጎ አሳይቶ ነበር፤ የሚሾ ፊልም ለዚያ እንደተሰጠ መልስ ሆኖ ይታያል። የግሪፊዝ አና በበረዶው ላይ ስትንሳፈፍ የሚያድናት ሰው ይደርሳል። ለጃስፐር ላንድሪ የሚደርስለት የለም፤ ሚሾም አይዋሸንም። በዚህ ምክንያት ሚሾን ለሁለተኛው ምሽት አስቀምጡት፤ ከሱ ቀጥሎ ሌላ ፊልም ለመክፈት የሚከብድ ይመስለኛል።